ሁለት ኩንታል ተኩል የሚመዝን ድመት፦ የህንድ ወንድ ታይገሮች ለምን ይህን ያህል ይገዝፋሉ?

ሰሞኑን ቴሌግራም ላይ አንድ አጭር ቪዲዮ ደጋግሞ ይመጣብኛል። ቦታው ህንድ ነው። ሁለት ክፍት ጂፖች አቧራማ መንገድ ላይ ቆመዋል፤ ሰው ጢም ብሎባቸዋል። ከቀርከሃው ውስጥ አንድ ወንድ ታይገር ይወጣል። አይሮጥም፣ አያገሳም። ጂፖቹን እንደ ድንጋይ ቆጥሮ አጠገባቸው ያልፋል። ትከሻው የመኪናውን ኮፈን ሊደርስ ምንም አልቀረውም። አንገቱ የበሬ አንገት ነው። ጂፑ ላይ ካለው ሰው ሁሉ አንድም ትንፍሽ የሚል የለም። ከቪዲዮው ሥር አንዱ «350 ኪሎ» ብሎ ጽፏል። ሌላው «ኧረ 400 ይሆናል» ብሎ መልሶለታል።

ይህን እንስሳ ከልጅነቴ ጀምሮ እወደዋለሁ። ቁጥሩ እንዲህ ሲጋነን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። እውነተኛው ቁጥር ራሱ አፍ ያስይዛል። ከቁጥሩ ጀርባ ያለው ነገር ደግሞ ከዚያም ይበልጣል፤ ምክንያቱም ስለ ጫካው ይነግረናል።

መጀመሪያ ስለ ስሙ። እኛ ነብር የምንለው ባለ ነጠብጣቡን የአገራችንን እንስሳ ነው። ባለ ጥቁር መስመሩ ግን የእስያ ነው፤ አፍሪካ ውስጥ በዱር አይኖርም። ህንድ ውስጥ ሁለቱም አሉ፣ አንድ ጫካም ይጋራሉ። ታይገሩ ሲመጣ ነብሩ ዛፍ ላይ ይወጣል፣ ወይም አካባቢውን ለቆ ይሄዳል። ስለዚህ እንዳይምታታብን ባለ መስመሩን «ታይገር» እያልኩ እቀጥላለሁ። ዓመቶቹም ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሚዛኑ ምን ይላል?

የዱር ታይገርን መመዘን ትልቅ ጣጣ ነው። መጀመሪያ ከሩቅ በማደንዘዣ መርፌ ይመታል። ሲተኛ ባለሙያዎቹ ይጠጉታል። ከዚያ በኋላ ሩጫው ከሰዓት ጋር ነው። ብርሃን እንዳይጎዳው ዓይኑን በጨርቅ ይሸፍኑለታል። ሙቀቱ ከፍ እንዳይልበት ውሃ ያፈሱበታል። አንዱ ጥርሱን ይለካል፣ አንዱ ደም ይቀዳል፣ አንዱ ትንፋሹን ይቆጥራል። አንገቱ ላይ ያለበትን ቦታ የሚናገር መሣሪያ ይታሰርለታል። በመጨረሻ በሸራ ወይም በመረብ ይጠቀልሉትና፣ ወፍራም እንጨት ላይ ሚዛን አንጠልጥለው ተጋግዘው ያነሱታል። መዳፉ ከሸራው ወጥቶ ሲንጠለጠል ከአንድ ጎልማሳ እጅ ይሰፋል። ታይገሩ መንቃት ከመጀመሩ በፊት ሁሉም ነገር ማለቅ አለበት።

በዚህ መንገድ በትክክል የተመዘኑት ታይገሮች ጥቂት ናቸው። ደቡብ ህንድ፣ ካርናታካ ውስጥ ናጋራሆሌ የሚባል ጫካ አለ። እዚያ ኡላስ ካራንት የተባሉት የዱር እንስሳት ተመራማሪ ያስመዘኗቸው ወንዶች ከ209 እስከ 227 ኪሎ ሆነዋል። ከሰሜን ህንድ ድንበር ማዶ፣ የኔፓሉ ቺትዋን ውስጥ ደግሞ ወንዶቹ ከ200 እስከ 261 ኪሎ መዝነዋል። ቺትዋን የኔፓል ይሁን እንጂ ከሂማላያ ግርጌ ያለው ያው ረግረጋማ ሣር ሜዳ ነው። ሜዳው ህንድ ውስጥም ይቀጥላል።

ስለዚህ ደህና አድርጎ ያደገ የህንድ ወንድ ታይገር ሁለት ኩንታል ገደማ ነው። በጣም ገዘፈ የሚባለው ሁለት ኩንታል ተኩል ይደርሳል። አንድ ኩንታል ጤፍ ለማውረድ የታገለ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ያን ሁሉ ክብደት ይዞ፣ ቅጠል ሳያንኮሻኩሽ ሃያ እርምጃ ድረስ የሚጠጋ እንስሳ ነው። ለማነጻጸር፣ የአፍሪካ ወንድ አንበሳ በአማካይ 190 ኪሎ ገደማ ነው። የቺትዋን ሴት ታይገሮች ደግሞ ከ116 እስከ 164 ኪሎ ነበሩ። በወንዱና በሴቷ መካከል ያለውን ልዩነት ልብ በሉልኝ፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ታዲያ 400 ኪሎ ከየት መጣ? ሙሉ በሙሉ ከባዶ አልመጣም። በ1967 ዴቪድ ሃሲንገር የተባለ አሜሪካዊ አዳኝ በሰሜን ህንድ አንድ ወንድ ገደለ። 389 ኪሎ ገደማ መዘነ ተብሎ ተመዘገበ። የታይገሩ ቆዳ ተሞልቶ ዋሽንግተን የሚገኘው ስሚዝሶኒያን ሙዚየም ገባ። ግን ያ ታይገር ከመገደሉ በፊት ጎሽ በልቶ ነበር። ታይገር በአንድ ሌሊት 30 ኪሎ ሥጋና ከዚያም በላይ መብላት ይችላል። ሚዛኑ ላይ የወጣው ታይገሩ ብቻ ሳይሆን እራቱም ጭምር ነው። እራቱ ቢቀነስም ግዙፍነቱ አይካድም። ቢሆንም የአንድን እንስሳ መዝገብ ይዞ «የህንድ ታይገር 400 ኪሎ ነው» ማለት፣ አንድ በጣም ረጅም ሰው አይቶ የአገሩን ሰው ሁሉ እንደዚያ እንደማሰብ ነው።

ርዝመትም እንዲሁ ያጣላል። የድሮ አዳኞች ሁለት ዓይነት አለካክ ነበራቸው። አንዱ ከአፍንጫ እስከ ጅራት ጫፍ ሁለት ችንካር ተክሎ፣ በመካከላቸው ያለውን ቀጥታ መስመር መለካት ነው። ሌላው ሜትሩን ጀርባው ላይ አስተኝቶ እጥፋቱን ሁሉ ተከትሎ መለካት ነው። ሁለተኛው ቁጥሩን ከአሥር ሴንቲ ሜትር በላይ ሊያስረዝመው ይችላል። በ1930 ጂም ኮርቤት የተባለ አዳኝ የገደለው፣ «የፖዋልጋር ወንደላጤ» የተባለው ዝነኛ ታይገር 10 ጫማ ከ7 ኢንች ተለካ፤ 3 ሜትር ከ23 ገደማ ማለት ነው። የተለካው ግን በሁለተኛው መንገድ ነበር። ኮርቤት በኋላ ጠመንጃውን ትቶ ካሜራ ያነሳ፣ ለታይገሮች የተሟገተ ሰው ነው። ከህንድ ዝነኛ የታይገር መኖሪያዎች አንዱም ዛሬ በስሙ ይጠራል።

ስልካችን ላይ የምናየው ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ካሜራው ዝቅ ብሎ ሲያነሳ፣ ታይገሩም ወደ ካሜራው ሲቀርብ፣ ከኋላው ያለው መኪና ሁሉ ያንሳል። ሆዱ ሥር የሚወዛወዘው ልል ቆዳም ከሩቅ ውፍረት ይመስላል። ሳይመዘን በዓይን ብቻ የተገመተ ኪሎ ሲነገራችሁ «መቼ ተመዘነ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ግዝፈቱ ከየት ይመጣል?

ከምግብ። ሌላውም ምክንያት ዞሮ ዞሮ እዚሁ ይደርሳል።

ብዙ ሰው ትልቁ ታይገር የሳይቤሪያው ነው ብሎ ያምናል። ብርድ አገር ያለ እንስሳ ገላው ይገዝፋል የሚባል የታወቀ ሕግ አለ። ድሮ እውነት ነበር። ዛሬ ግን በሩቅ ምሥራቅ ሩሲያ የተመዘኑት የዱር ወንዶች አማካያቸው 176 ኪሎ ብቻ ሆኗል፤ የድሮዎቹ አማካይ 215 ኪሎ ነበር። ብርዱ ያው ነው። የጎደለው የሚታደነው እንስሳ ነው። የህንድ ወንድ ዛሬ ከሩሲያው የሚከብደው ለዚህ ነው።

ህንድ ውስጥ የሚበላውን ቁጠሩለት። ቺታል የሚባለው ባለ ነጠብጣብ አጋዘን አለ፤ መንጋው እንደ ፍየል ይረግፋል። ሳምባር የሚባለው ትልቅ አጋዘን አለ፤ ወንዱ 200 ኪሎ ያልፋል። የዱር አሳማ አለ። ከሁሉም በላይ ጋውር የሚባለው የዱር ከብት አለ፤ ኮርማው አንድ ቶን ሊጠጋ ይችላል። ታይገር ይህን ኮርማ ብቻውን ይጥለዋል። ለዚህ ሥራ ክብደት ያስፈልጋል። ጉሮሮ ይዞ ለደቂቃዎች ሳይለቅ መቆየት፣ እየተንፈራገጠ የሚጎትተውን ግዙፍ ገላ በትከሻ ጉልበት መሬት ላይ ማጣበቅ ቀልድ አይደለም።

አንድ ታይገር በዓመት 50 ያህል አጋዘን የሚያካክሉ እንስሳት ይገድላል፤ በሳምንት አንድ ማለት ነው። ጫካው ይህን ችሎ እንዳይራቆት ደግሞ 500 ያህል የሚታደኑ እንስሳት በዙሪያው መኖር አለባቸው። ስለዚህ አንድ ትልቅ ወንድ ስታዩ ከጀርባው አምስት መቶ አጋዘን እንዳሉ ቁጠሩ። ከአጋዘኖቹ ጀርባ ሣር አለ፣ ውሃ አለ፣ ወጥመድ የሚለቅም የጫካ ጠባቂ አለ። የታይገሩ ኪሎ የዚህ ሁሉ ድምር ነው።

የዚህን ተቃራኒ ማየት የሚፈልግ ወደ ሰንደርባንስ ይሂድ። በህንድና በባንግላዴሽ መካከል፣ ባሕሩ ዳር ያለ የማንግሮቭ፣ ማለትም ጨዋማ ውሃ ውስጥ የሚበቅል ዛፍ፣ ጫካ ነው። መሬቱ ጭቃ ነው፣ ውሃው ጨው ነው። ታይገሮቹ ከደሴት ደሴት እየዋኙ ይኖራሉ። ሳምባርም ጋውርም የለም። እዚያ የተመዘኑት ጎልማሳ ሴቶች 75 እና 80 ኪሎ ናቸው፤ የቺትዋኗን ሴት ግማሽ ያህል። ዝርያው ያው የቤንጋል ታይገር ነው። ማዕዱ ነው የተለየው።

አሁን ወደ ወንዱና ሴቷ ልመለስ። ለመብላት ብቻ ቢሆን ሴቷም ታድናለች፣ ያውም ለግልገሎቿ ጭምር። ወንዱን እንዲህ ያገዘፈው ሌላ ወንድ ነው። አንድ ወንድ የሁለት፣ የሦስት፣ አንዳንዴም የበለጡ ሴቶችን ክልል የሚሸፍን ግዛት ይይዛል። ዛፍ ላይ ሽንቱን ይረጫል፣ ግንድ ይቧጭራል፣ ሌሊት ያገሳል። የሚበልጠው ሲመጣ ግን ይሸነፋል። አዲሱ ወንድ የተሸናፊውን ግልገሎች ብዙ ጊዜ ይገድላል። ቺትዋን ውስጥ በተደረገው የረጅም ጊዜ ክትትል አንድ ወንድ ግዛቱን ይዞ የቆየው በአማካይ ሦስት ዓመት ገደማ ብቻ ነው። ይህ ሁሉ ጡንቻ ለሦስት ዓመት ንግሥና ነው። በእነዚያ ዓመታት ልጆቹን ካላሳደገ ዘሩ አለቀ። ስለዚህ ትልቅ መሆን ለእሱ የሞት የሽረት ጉዳይ ነው።

በዝተዋል፣ ግን የት ይሂዱ?

ዛሬ ስለ ግዙፍ ወንዶች ይህን ያህል የምንሰማው ያለ ምክንያት አይደለም። ህንድ በ1972 የዱር እንስሳት ጥበቃ ሕግ አወጣች። በ1973 ደግሞ ዘጠኝ ጥብቅ ሥፍራዎች ይዛ የታይገር ጥበቃ ፕሮጀክት ጀመረች። አሁን ጥብቅ ሥፍራዎቹ 58 ደርሰዋል። መንገዱ አልጋ በአልጋ አልነበረም። ራጃስታን ውስጥ ያለው ሳሪስካ፣ ጠባቂ እያለው፣ ስሙ መዝገብ ላይ እያለ፣ በ2005 አንድም ታይገር እንደሌለው ታወቀ። አዳኞች ጨርሰዋቸው ነበር። ያን ጊዜ ታይገር የሚቆጠረው በእግር ዱካ ነበር። ዱካ ደግሞ ያሳስታል።

ከሳሪስካ በኋላ ቆጠራው በካሜራ ሆነ። መንገድ ዳር ዛፍ ላይ ይታሰራል፣ እንስሳ ሲያልፍ ራሱ ያነሳል። የእያንዳንዱ ታይገር መስመር እንደ ሰው የጣት አሻራ የተለያየ ስለሆነ አንዱ ሁለት ጊዜ አይቆጠርም። በ2018ቱ ቆጠራ በ26,838 ቦታዎች ካሜራ ተተከለ። ከ34 ሚሊዮን በላይ ፎቶ ተነሳ፤ ታይገር ያለበት 76,651 ብቻ ነው። እነዚህን ፎቶዎች ያጣሩትን ሰዎች ከልብ አመሰግናለሁ። በ2006 ግምቱ 1,411 ነበር። በ2022 አማካይ ግምቱ 3,682 ደርሷል።

የሚያስደስት ነው። ግን መሬቱ ቁጥሩ የጨመረውን ያህል አልሰፋም። በ2025 መጀመሪያ የታተመ ጥናት ታይገሮች የሚገኙበት የህንድ መሬት 138,200 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሆነ ያሳያል። በዚያው መሬት 60 ሚሊዮን ሰው ይኖራል። ችግሩን መጀመሪያ የሚቀምሰው ደግሞ ወንዱ ነው። ሴት ግልገል ስታድግ እናቷ ከክልሏ ቆርሳ ልትለቅላት ትችላለች። ወንዱን ግን አባቱም ሆነ ሌላው ወንድ አያስቀምጠውም። መውጣት አለበት።

ሲወጣ የሚያገኘው ማሳ ነው። ገበሬው ሰብሉን የዱር አሳማ እንዳይጨርስበት አንዳንዴ የኤሌክትሪክ ሽቦ ይዘረጋል። ሌሊት ነው፣ ሽቦው አይታይም። ማሃራሽትራ በሚባለው የህንድ ክፍለ ሀገር ጃይ የሚባል ታይገር ነበር፤ በዓይን 250 ኪሎ ይገመት የነበረ፣ ቱሪስት ከሩቅ የሚመጣለት። በ2013 ናግዚራ ከሚባል ጫካ ተነስቶ ማሳና መንገድ አቋርጦ ኡምሬድ ካርሃንድላ ገባ፣ እዚያም ነገሠ። 189 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ትንሽ ጫካ በእሱ ስም ታወቀ። በ2016 ሚያዝያ ላይ ጠፋ። አንገቱ ላይ መሣሪያ ታስሮለት ነበር፤ መሣሪያው ዝም አለ። ፍለጋው ብዙ ሰው አሰማራ፣ ጋዜጣው ሁሉ ስለ እሱ ጻፈ፤ አልተገኘም። በዓመቱ ልጁ ሽሪኒቫስ ሞቶ ተገኘ። የገደለው ማሳ ዙሪያ የተዘረጋ የኤሌክትሪክ ሽቦ ነበር።

በሰው በኩል ያለውን ሐዘን ደግሞ መዝለል አልችልም። በዚያው ማሃራሽትራ፣ ቻንድራፑር አውራጃ ውስጥ በዓመት በደርዘን የሚቆጠሩ ሰዎች ለታይገር ሰለባ የሆኑበት ጊዜ አለ። አብዛኞቹ ድሆች ናቸው። ሙቀቱ ሲከር ማሁዋ የሚባለው ዛፍ አበባ መሬት ላይ ይረግፋል። ሴቶች ከንጋት በፊት ዘንቢል ይዘው ጫካ ይገባሉ፤ ቁጢጥ ብለው ይለቅማሉ። ቁጢጥ ያለ ሰው ከቁጥቋጦ ጀርባ ሲታይ ቁመቱ የአጋዘን ቁመት ነው። ለጂፑ ቱሪስት ያ ታይገር የዓመቱ ትዝታ ነው። ለእነዚያ ሴቶች የጠዋት ሥጋት ነው። ከቱሪስቱ ገንዘብ ለእነሱ መንደር ተገቢው ድርሻ ካልደረሰ፣ ለሟች ቤተሰብ ካሳው ቶሎ ካልተከፈለ፣ ነገ ሽቦውን የሚዘረጋው ሰው ይበዛል። እኔ በእነሱ ቦታ ብሆን ታይገር እወዳለሁ ለማለት አፌ አይደፍርም ነበር።

እርጅና ሲመጣ ትልቁም ያው ነው። ታዶባ የሚባለው ጫካ ውስጥ ዋግዶህ የሚባል፣ ፊቱ በጠባሳ የተሞላ ወንድ ነበር። ብዙዎች ካዩዋቸው ሁሉ ትልቁ ነው ይሉት ነበር። ጥርሱና ጉልበቱ ሲደክም ወጣቶቹ ገፍተው አስወጡት። የመጨረሻ ዘመኑን በመንደርና በከሰል ማዕድን አካባቢ ከብት እያደነ አሳለፈ። በ2022 ግንቦት ላይ በ17 ዓመት ገደማ ዕድሜው ሞተ። ለዱር ወንድ ይህ ረጅም ዕድሜ ነው።

መላው አይታጣም። ጫካን ከጫካ የሚያገናኝ መተላለፊያ ያስፈልጋል። ፔንች ጫካን አቋርጦ በሚያልፈው አውራ ጎዳና ላይ በማሃራሽትራ በኩል እንስሳት በሥሩ የሚያልፉባቸው ዘጠኝ መሿለኪያዎች ተሠርተዋል፤ ትልቁ 750 ሜትር ይሰፋል። ከላይ የጭነት መኪና ይሮጣል፣ ከታች ታይገር ይሄዳል፤ በካሜራ ታይቷል። ሲሠራ ወጪው ብዙ ተብሎ ነበር። አሁን ሌሎች መንገዶችም ይህን ያህል ቢያገኙ ስንት እንስሳ በተረፈ እላለሁ። መሿለኪያ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ማዶ ያለው ጫካ የሚበላም የምትጠብቅ ሴትም ሊኖረው ይገባል።

በ2019 ማሃራሽትራ ውስጥ ካለው ቲፔሽዋር ጫካ የተነሳው ወጣት ወንድ ይህን አሳይቷል። ቲፔሽዋር 148 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ ለሁሉም አልበቃም። ዝናቡ ሲገባ ወጣ። አንገቱ ላይ የታሰረው መሣሪያ እያንዳንዱን እርምጃውን ይልክ ነበር። ቀን ማሳ ዳር ባለ ቁጥቋጦ ውስጥ ይተኛል፣ ሌሊት ይሄዳል። የጥጥ እርሻ፣ ቦይ፣ የአስፋልት መንገድ፣ የመንደር ጓሮ አቋርጧል። ወደ ጎረቤት ክፍለ ሀገር ገብቶ ተመልሷል። በመንገዱ ከሰው ጋር የተጋጨው አንዴ ነው፤ ወደተኛበት ቁጥቋጦ የገቡ ሰዎች ነበሩ፣ አንዱን አቆሰለ። በአምስት ወር 1,300 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ዲኛንጋንጋ የሚባል ጫካ ደረሰ። መሣሪያው እስኪወልቅለት ድረስ ጉዞው ከ3,000 ኪሎ ሜትር አልፏል። ዲኛንጋንጋ ውስጥ የዱር አሳማ አለ፣ ኒልጋይ የሚባለው ትልቅ የሜዳ እንስሳ አለ፣ ውሃ አለ። የሚገፋው ወንድም አልነበረም። ሌላ ታይገር ራሱ አልነበረም፤ አንዲት ሴት እንኳ። ኃላፊዎቹ ከሌላ ጫካ ሴት እናምጣለት ወይስ አናምጣ እያሉ ሲመክሩ፣ እሱ በየሌሊቱ የግዛቱን ዳር ይዞር ነበር።